ከደብረ ታቦር ወደ ሳይንስ ሙዚየም፦ ከእናቴ፣ ከእኅቴና ከቤዛ ጋር

ባሕር ዳር ውስጥ ጎብኚ ዕቃውን እንዲነካ የሚለመንበት ሙዚየም እንዳለ የነገረኝ አብሮኝ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነው። እዚያ ያለው ሁሉ እንዲጎተት፣ እንዲዞር፣ እንዲገፋ ተብሎ የተሠራ ነው አለኝ። እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ የሳይንስ መምህር ነኝ። እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቼ መተኛት አይሆንልኝም። ያም ሆኖ በነሐሴ መጨረሻ ቤተሰቤን ይዤ የተነሣሁት ለሳይንስ ብቻ ብዬ አልነበረም። ምክንያቱን ሳልናገር ወደ መንገዱ ብገባ አንባቢ ግራ ይጋባልና ከእሱ ልጀምር።

ታላቅ እኅቴ የሺ ልጇን ቤዛን ጡት እንዳስጣለቻት ለእናታችን ትታ ወደ ዐረብ አገር ሄደች። የልጅቱ አባት ከመወለዷ በፊት እንደወጣ ቀርቷል። የሺ የተመለሰችው ዘንድሮ ለፋሲካ ነው። ቤዛ በመስከረም ሦስተኛ ክፍል ትገባለች። እናቴን «እማዬ» ትላታለች። የወለደቻትን ግን እኔ በስልክ «እታለም» እያልኩ ስጠራ እየሰማች ስላደገች እሷም «እታለም» ነው የምትላት። እታለም በእኛ ዘንድ ታላቅ እኅት የምትጠራበት ነው። አያት ያሳደገው ልጅ በአገራችን እንዲህ ሲል ማንም አያርመውም፤ ሁሉም የለመደው ነገር ነው። የሺም አላረመቻትም።

አሁን የሺ ባሕር ዳር አንድ ዳቦ ቤት ሥራ ይዛ ቤት ተከራይታለች፤ ልጇን ወስዳ እዚያ ልታስተምራት ትፈልጋለች። እናቴ አልከለከለቻትም። «ልጅቱ እሺ ካለች ውሰጃት። ካላለች ግን እያለቀሰች ከቤቴ አትወጣም» አለቻት። ቤዛ ደግሞ ስትጠየቅ እሺም እንቢም አትልም። የእናቴን የነጠላ ጫፍ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች። የባሕር ዳሩ ትምህርት ቤት ምዝገባ ሊዘጋ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር። እንግዲያው አንድ ቀን ማንም ምንም ሳይጠይቃት ከእናቷ ጋር ትዋል ብዬ አሰብኩ። መዋያው ደግሞ ሙዚየሙ ይሁን አልኩ።

ከመነሣታችን በፊት

እንዲህ ያለ ጉዞ ያለ ዝግጅት አይሆንም። መጀመሪያ ወደ ሙዚየሙ ደወልኩ፤ በየትኛው ቀን እንደሚከፈት፣ ሕፃንና አዛውንት አብረው መግባት እንደሚችሉ፣ ምግብ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። ቀጥሎ መናኸሪያ ወርጄ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሹፌሮች አጣራሁ። የቀረው ቀን መቁረጥ ነበር። ከሁሉ የከበደውም እሱ ሆነ።

«እማዬ፣ ሃያ አንድ ቀን እንሂድ?»

«ማርያምን ትቼ የት ልሄድ?»

«ሃያ ሦስትስ?»

«ጊዮርጊስ ነው።»

«ሃያ አራት?»

«ተክልዬ። አንተ የሰው ልጅ ታስተምራለህ፣ ቀን መቁጠር ግን ጠፋህ።»

ለፍልሰታ ፍቺ መጥታ እኛው ዘንድ የሰነበተችው የሺ ከጓዳ ሆና ትስቃለች። በመጨረሻ ሃያ ስድስት ላይ ተስማማን። እናቴ ጥቂት አሰብ አደረገችና «ሃያ ስድስትም የጻድቅ ቀን ነው፤ ግን ገዳማቸው ሩቅ ነውና ይቅር ይሉናል» አለች። የጾም ቀን ስላልነበረ እንቁላል ቀቀልን፤ ዳቦና ቆሎም ያዝን።

ለመሄድ ላሰበ ወላጅ አንድ ሁለት ነገር ልምከር። ጠዋት ግቡ፤ ከሰዓት በኋላ ልጆች ይደክማቸዋል። ለልጁ የሚያንሸራትት ጫማ አታድርጉለት። ሁሉንም ዕቃ ላሳየው ብላችሁ አትሩጡ፤ አንዱ ላይ ቆሞ ከዋለ ይዋል። «ምን ተማርክ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ እዚያው አዳራሽ ውስጥ አታንሡት። ይህን ሁሉ ለቤተሰቤ ቆሜ ሳስረዳ የሺ ለእናቴ ጠጋ ብላ «ይሄ ሰው ሽርሽሩንም ፈተና ሊያደርገው ነው» አለቻት።

«ተይው» አለች እናቴ። «ከልጅነቱም ዝም በል ብለውት ዝም ብሎ አያውቅም።»

ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ

መናኸሪያ የደረስነው ገና ሳይነጋጋ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መሬቱ ጭቃ ነበር። ጉና በደመና ተሸፍኖ ጨርሶ አይታይም። ሚኒባሱ ውስጥ እናቴ መስኮቱ ሥር፣ ቤዛ ከእሷ ቀጥላ፣ እኔ ከቤዛ አጠገብ ተቀመጥን። የሺ ቦታ አጥታ ከፊታችን ተቀመጠች። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፤ አንድ ሰው ይቀራል።»

«ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ የምጠጋው ወደ መቃብር ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱም ስቆ የቀረውን ሰው ከኋላ አስገባው።

እኔ ግን መናኸሪያውን እያየሁ ሌላ ጠዋት ትዝ አለኝ። የሺ የሄደች ዕለትም ከዚሁ ቦታ ነበር የተሳፈረችው። እኔ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ቤዛን አዝላ ቆማለች፤ ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። የሺ መኪናው ውስጥ ሆና አንድም ጊዜ ዞር ሳትል ሄደች። ልቧ ደንዳና ሆኖ መስሎኝ ለብዙ ጊዜ ተቀይሜአታለሁ። ካደግሁ በኋላ ነው፣ ዞር ብትል ኖሮ ትወርድ እንደነበር የገባኝ።

ከከተማው እንደወጣን መንገዱ መውረድ ይጀምራል። በግራ በቀኝ ገብሱና ድንቹ አረንጓዴ ነው፤ ጤፉ ገና ከመሬት ብቅ ብሏል። በየአጥሩ ሥር አደይ አበባ እምቡጥ ይዟል። የዓለም ሳጋን ጫካ ስናልፍ ብርዱ በመስኮት ገባ። ቤዛ ጆሮዋን ያዘች።

«ጆሮዬ ተደፈነ።»

«ከከፍታ ወደ ዝቅታ ስንወርድ ከውጭ ያለው አየር እየከበደ ይሄዳል» አልኳት። «በጆሮሽ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ገና የደብረ ታቦር አየር ነው። ሁለቱ እስኪመጣጠኑ...»

የሺ ከፊት ወንበር እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ «ማስቲካ አኝኪበት፤ ይከፈታል» አለቻት። ቤዛ ማስቲካውን ከመውሰዷ በፊት ቀና ብላ እናቴን አየቻት።

«ውሰጂ እንጂ፤ የምን መተያየት ነው» አለች እናቴ።

ወሰደች። ጆሮዋም ተከፈተ። የሺ ፊቷን ወደ ፊት መልሳ መንገዱን ማየት ቀጠለች።

ማስቲካ ስታቀብል ሳያት የቆየ ነገር ታወሰኝ። ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ሁልጊዜ ቁልፍ ነበር። በመስኮቱ ስንጥቅ አሻግረን ጠርሙስና ሚዛን እናያለን፤ ገብቶ የነካ ግን አላውቅም። መጀመሪያ አምፑል ያበራሁት በየሺ እጅ ነው። ያለቁ የባትሪ ድንጋዮች ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ ሲሞቁ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ከዚያ ሁለቱን ደራርባ፣ ከተሰበረ ራዲዮ የወጣች ሽቦ ታስጠጋና ትንሿን የባትሪ አምፑል ጫፏ ላይ ታኖራለች። ብርሃኑ ቀይ ነበር፤ የጣታችንን ጫፍ እንኳ በቅጡ አያሳይም። እኛ ግን ነጠላ ተከናንበን ጨለማ ሠርተን፣ እስኪጠፋ ድረስ አፍጥጠን እናየው ነበር። የሺ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም። እኔ መምህር ሆንኩ። ለተማሪዎቼ የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ባትሪ ድንጋይ ነው።

ሐሙሲት ላይ

ከወረታ በኋላ አገሩ ይለወጣል። የፎገራ ሜዳ በውኃ ተሞልቶ ሩዙ ከውኃው በላይ ብቅ ብሏል። ገበሬዎች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ያርማሉ። ቤዛ ውኃ ላይ የሚበቅል እህል አይታ አታውቅም። የጉማራን ድልድይ እስክንሻገር አፍንጫዋን ከእናቴ አሳልፋ መስታወቱ ላይ ለጥፋ ነበር።

ሐሙሲት ገበያ ቆሟል። ሽንኩርት የጫነ አህያ፣ በግ የሚጎትት ሰው፣ የፕላስቲክ ጫማ የዘረጋ ነጋዴ መንገዱን ዘግተውት ሚኒባሱ ቆመ። የሺ ወርዳ ከአንዲት ሴት ከሰል ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዛች። ሴትዮዋ «ለልጅሽ ነው? እንግዲያው ለጋውን ልምረጥልሽ» አለቻት። የሺ «አዎ» ብላ በቆሎውን በመስኮት ለቤዛ አቀበለቻት።

ቤዛ ሰብራ ግማሹን ለእናቴ ሰጠች። ከቀረው ትንሽ ፈልፍላ ለእኔ ሰጠች። ከዚያ መብላት ጀመረች።

«እኔስ?» አለች የሺ፣ ገብታ እየተቀመጠች። «ጎረቤት እንኳ ይቀምሳል።»

ቤዛ አፈረች። ጥቂት ፍሬ ፈልፍላ በመዳፏ ይዛ ዘረጋችላት። የሺ አንድ በአንድ እየለቀመች እስከ ባሕር ዳር በላችው፤ እንዲያልቅባት የፈለገች አትመስልም ነበር።

አዳራሹ ውስጥ

የዓባይን ድልድይ ተሻግረን፣ ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዘን ሙዚየሙ ደረስን። ሰፊ፣ ብርሃን የሚበዛበት አዳራሽ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት አስጎብኚ ተቀበለችን። ቤዛ እንደገባች ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። አስጎብኚዋ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ፊቷ ብታስቀምጥላትም አልነካችም።

«ለምን አትነኪውም፣ እናቱ?»

«እጄን ሰብስቤአለሁ» አለች ቤዛ።

እናቴ በኩራት ራሷን ነቀነቀች። ሰው ቤት የሰው ዕቃ እንዳይነካ ተደርጎ ያደገ ልጅ ነው የእኛ ልጅ፤ እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት።

«እዚህ ቤት እጅ መሰብሰብ ክልክል ነው» አለች አስጎብኚዋ። «እማማ፣ እርስዎ ይፍቀዱላት።»

«ንኪው እንግዲህ። ብትሰብሪው ከፋዩ አጎትሽ ነው።»

ቤዛ በአንድ ጣቷ ጀመረች። ጥቂት ቆይቶ መንኮራኩሩን በሁለት እጇ ታሽከረክረው ነበር። ቀጥሎ በመዘውርና በገመድ የሚነሣ ወንበር አለ። እናቴን አግባብተን አስቀመጥናት። ቤዛ ገመዱን ስትስብ አሮጊቷ እናቴ ከመሬት ብድግ አለች።

«ቀስ በይ፤ ብወድቅ አጥንቴን የሚለቅምልሽ የለም።»

«እማዬ፣ ቀላል ነሽ!»

አትቀልም፤ መዘውሩ ነው ክብደቷን የሚካፈለው። ይህን ሳስረዳ የሰማኝ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወደ አንድ ጠረጴዛ ደረስን። ጠረጴዛው ላይ በሁለት ጫፍ ሁለት የብረት ሳህን፣ መካከሉ ላይ አንድ አምፑል፣ ዳር ላይ ደግሞ በጎድጓዳ ዕቃ ውኃ አለ። አንድ ሰው አንደኛውን ሳህን ይነካል፤ ሌላ ሰው ሁለተኛውን ይነካል፤ መካከል ያሉት እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። በሰዎቹ ገላ ውስጥ የማይሰማ፣ ጉዳት የሌለው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፍና አምፑሉ ይበራል። የሺ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ቆምን። መካከል እናቴና ቤዛ ገቡ። ቤዛ የያዘችው የእኔንና የእናቴን እጅ ነው። እናቴ በሌላ እጇ የሺን ያዘች።

አልበራም።

አስጎብኚዋ እጃችንን አንድ በአንድ አየች። እናቴ ጋ ስትደርስ ቆመች። የእናቴን እጅ ላላየ ሰው መግለጽ አለብኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ያረመ፣ የቆፈረ፣ እንጨት የፈለጠ እጅ ነው። መዳፏ ደርቆ ጫማ የሚሰፋበት ቆዳ መስሏል። በእንዲህ ያለ ቆዳ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያልፍም።

«እማማ፣ እጅዎ ደርቆ ነው» አለች አስጎብኚዋ ጎድጓዳውን እያስጠጋች። «ከዚህ ውኃ ያስነኩት፤ ወዲያው ይበራል።»

እናቴ ውኃውን አየችው። ቀጥላ የሺን፣ ከዚያ ቤዛን አየች።

«ተይው ልጄ» አለች። «እኔ ደክሞኛል፤ ልቀመጥ። እነሱ ይያያዙ።»

«እማዬ፣ አትሂጂ» አለች ቤዛ።

«የትም አልሄድም። ያው ወንበሩ ላይ ነኝ፤ ታዪኛለሽ።»

ጣቶቿን ከቤዛ ጣቶች ቀስ ብላ አወጣች። የልጅቱን እጅ ወስዳ የሺ እጅ ላይ አላኖረችውም። ዝም ብላ ለቀቀችውና ሄዳ ተቀመጠች።

በቤዛና በየሺ መካከል የአንድ ሰው ክፍተት ቀረ። የሺ አልተጠጋችም። አንድ እጇ ሳህኑ ላይ እንዳለ ሌላውን እጇን መዳፉን ገልብጣ ዘርግታ ቆየች። እኔ አፌ ላይ የደረሰ ነገር ነበረኝ፤ የኤሌክትሪኩ ዑደት ለምን መገጠም እንዳለበት፣ ክፍተት ካለ ምንም እንደማያልፍ። የሺ አየችኝ። ዋጥኩት። አስጎብኚዋም ገብቷት ነው መሰል ፊቷን ወደ ሌላ ጎብኚ አዞረች።

ቤዛ አምፑሉን አየች። እናቴን አየች። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ መስኮቱ ትመለከት ነበር። ከዚያ ቤዛ አንድ እርምጃ ሄዳ የእናቷን እጅ ያዘች።

አምፑሉ በራ።

«እታለም፣ እጅሽ ይሞቃል» አለች ቤዛ።

«ዳቦ ቤት አይደል የምሠራው» አለች የሺ።

ቤዛ ለቀቀቻት፤ መብራቱ ጠፋ። ያዘቻት፤ በራ። ለቀቀች፤ ያዘች። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረገችው እንጃ፤ ሌሎች ልጆች ተራ እስኪጠብቁ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ የሺን እየጎተተች ትዞር ጀመር። እኔ ሄጄ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ከሐይቁ ዳር

ምሳችንን ጣና ዳር ዛፍ ሥር በላን። ቤዛ እንቁላሏን እየላጠች ትጠይቃለች፤ ጥያቄዋ ሁሉ ለየሺ ነው።

«ዳቦ ቤቱ ውስጥ ማሽን አለ?»

«ሊጥ የሚያቦካ አለ።»

«መንካት ይቻላል?»

«ሲቆም ይቻላል። ሲዞር ግን እኔም አልነካው።»

ቤዛ ጎርሳ አኘከች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «እማዬ፣ ዛሬ እዚህ ልደር?»

እናቴ የቤዛን ልብስ ቃኘት አደረገች። «የምትለብሺው አልያዝሽም» አለች።

«አለ» አለች የሺ ቀስ ብላ። «ከፋሲካ ጀምሮ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ይጠብባት ይሆናል።»

«ከጠበበ ጎኑን ተርትረሽ ትለቂዋለሽ፤ መርፌ መያዝ አሳይቼሻለሁ።» እናቴ ወደ ቤዛ ዞረች። «እደሪ። ነገ ትምህርት ቤቱን እይው፤ ደስ ካለሽ ይመዝግቡሽ። ካላለሽ አጎትሽ መጥቶ ይወስድሻል።»

«አንቺስ?»

«እኔ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ልብስሽንም አመጣለሁ።»

ቤዛ እናቴን አንገቷን አቅፋ ቆየች። አላለቀሰችም። እናቴም እዚያ አላለቀሰችም።

መልስ

ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ ሁለት ወንበር ብቻ ነው የያዝነው። በፎገራ ሜዳ ላይ የከሰዓት ፀሐይ ወጥታ ውኃው ሁሉ ያበራ ነበር። ከወረታ በኋላ ዳገቱ ሲጀምር እናቴ ተናገረች።

«ያቺ ነጭ የለበሰች አስጎብኚ ስለ ውኃው ስትነግረኝ አንተ ምነው ዝም አልክ? ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎድጓዳውን አንሥተህ ትመጣ ነበር።»

«ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ነው።»

«ተምረሃል ማለት ነው» አለችና መስኮቱን ዘጋችው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ብጠየቅ ይህን እላለሁ። እኔ ለልጆች ሁሉንም ነገር ቶሎ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ጥያቄውን ሳይጨርሱ መልሱን እሰጣቸዋለሁ። ያን ቀን ግን አንዲት ልጅ በእጇና በመብራቱ መካከል ለብቻዋ ቆማ ማሰብ ነበረባት። እናቴ ይህን ያወቀችው መጽሐፍ አንብባ አይደለም፤ ልጅቱን ስለምታውቃት ነው። ያን ቦታ ለመልቀቅ ምን እንደከፈለች ደግሞ ቤት እስክንደርስ አልገባኝም ነበር።

የደረስነው ሲመሻሽ ነው። ቤቱ ጭር ብሏል። በዚህ ሰዓት ቤዛ የማባዣ ሰንጠረዧን ጮኻ የምትደግምበት፣ እኔ ከወንበሬ ሆኜ የማርምበት፣ እናቴ ደግሞ «ሁለታችሁም ይብቃችሁ፤ ጆሮዬ አለቀ» የምትልበት ሰዓት ነበር። ከእሷ በፊት ደግሞ የእኔና የየሺ ድምፅ ነበር እዚህ ቤት የሚሞላው። እናቴ ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠች። ቤዛ የምትቀመጥባትን ትንሽ የእንጨት ዱካ አንሥታ ወደ ግድግዳው አስጠጋቻት፤ ቆይታ ደግሞ መልሳ ወደ ቦታዋ አመጣቻት። ከዚያ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«በል» አለችኝ፣ «ያ መብራት በሰው ገላ ውስጥ አልፎ እንዴት እንደሚበራ አስረዳኝ።»

«አሁን?»

«አሁን። ከመጀመሪያው ጀምር፤ አትቸኩል።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ።